ጠንካራ ፍራሽ ለወገብ ጥሩ ነው የሚባለው እውነት ነው? ልገዛ ነው፣ አማክሩኝ

ሌሊቱ_ረዘመብኝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ፍራሽ ልንቀይር ነው። አሁን ያለን መሃሉ ጎድጉዷል፣ ሌሊት ሁለታችንም ወደ መሃል እንንሸራተታለን። ጠዋት ስነሳ ወገቤ ደርቆ ቀጥ ማለት ያቅተኛል። ትንሽ ወዲያ ወዲህ ካልኩ በኋላ ግን ይለቀኛል። ሌላ ቤት ሳድር እንዲህ አይነት ነገር የለም፣ ስለዚህ ችግሩ ከፍራሹ ነው ብዬ አስባለሁ።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ጠንካራውን ግዢ፣ ለወገብ እሱ ነው» ይለኛል። ሻጮቹም «ኦርቶፔዲክ ነው» እያሉ ድንጋይ የሆነ ነገር ያሳዩኛል። እኔ ግን የምተኛው በጎኔ ነው፣ ጠንካራ ነገር ላይ ካደርኩ ትከሻዬን ያመኛል፣ እጄም ይደነዝዛል። ባለቤቴ ደግሞ በጀርባው ነው የሚተኛው፣ በኪሎም ከኔ በጣም ይበልጣል፣ እሱ ጠንካራውን ነው የሚወደው። ስፖንጅ ይሻላል ወይስ ስፕሪንግ? ሜሞሪ ፎም የሚባለውስ? ውፍረቱ ስንት ቢሆን ነው ጥሩ? አንዴ ከተገዛ ብዙ ዓመት አብሮን የሚቆይ ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ መግዛት አልፈለግኩም፣ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

በጎን_ተኚ፦

እህቴ መልሱን ላስቀድም። ላንቺ ጠንካራው አይሆንም፣ መካከለኛ ፈልጊ።

«ጠንካራ ለወገብ ጥሩ ነው» የሚለው የቆየ ምክር ነው፣ ድሮ ሐኪሞችም ይሉት ነበር። ሲፈተን ግን አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው አንድ የስፔን ጥናት አለ። የቆየ የወገብ ህመም ያለባቸውን 313 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍለው አንዱን ቡድን ጠንካራ ፍራሽ ላይ፣ ሌላውን መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ላይ አስተኟቸው። ከ90 ቀን በኋላ ይበልጥ የተሻላቸው መካከለኛው ላይ የተኙት ናቸው። አልጋ ላይ እያሉም ሲነሱም የሚሰማቸው ህመም ቀንሷል፣ የዕለት እንቅስቃሴያቸውም ተሻሽሏል። ስለዚህ ቀጥሎ «ጠንካራውን ግዢ» የሚልሽ ሰው ሲመጣ በልበ ሙሉነት እምቢ ማለት ትችያለሽ።

ብዙ ሰው ሁለት ነገር ይቀላቅላል። አንዱ ፍራሹን ስትነኪው የሚሰማሽ ጥንካሬ ነው። ሌላው ሰውነትሽን ምን ያህል ደግፎ ይይዘዋል የሚለው ነው። ላዩ ለስለስ ብሎ ውስጡ በደንብ የሚደግፍ ፍራሽ አለ፤ ላዩ ደረቅ ሆኖ ዓመት ሳይሞላው የሚጎደጉድም አለ። በጎንሽ ስትተኚ ክብደትሽ በብዛት የሚያርፈው ትከሻሽና ዳሌሽ ላይ ነው። ፍራሹ እነዚህን ሁለቱን ትንሽ ወደ ውስጥ ካላስገባቸው ትከሻሽ ይጨፈለቃል፣ ወገብሽ ደግሞ ከሥሩ የሚይዘው አጥቶ እንደተንጠለጠለ ያድራል። በጣም ከለሰለሰ ደግሞ ዳሌሽ ይሰምጥና አከርካሪሽ ይጎብጣል። የምትፈልጊው ከኋላሽ የቆመ ሰው ሲያይሽ አከርካሪሽ ከአንገትሽ ጀምሮ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚታይበትን ነው። ለመሞከር ስትሄጂ ባለቤትሽ ከኋላ ሆኖ ይይልሽ፣ ቢቻል በስልኩ ፎቶ ያንሳሽ፣ ፎቶው ላይ በደንብ ይለያል።

መሞከር ስል ጫፉ ላይ ቁጭ ብሎ መነሳት ማለቴ አይደለም፤ በእጅ ጫን ጫን ማድረግም ምንም አይነግርሽም። ጫማሽን አውልቂና ቤትሽ እንደምትተኚው ጋደም በይ። 10 ወይም 15 ደቂቃ ቆዪ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ሁሉም ፍራሽ ይመቻል። ሰው እያየኝ ብለሽ አትሳቀቂ፣ ገንዘቡ ያንቺ ነው፣ ወገቡም ያንቺ ነው።

ባለቤትሽ ደግሞ በጀርባው ይተኛና እጅሽን ከወገቡ ሥር አስገቢ። እጅሽ ያለምንም ነገር ከገባና ከተንቀሳቀሰ ፍራሹ ለሱም ደርቆበታል፣ ወገቡን አልነካውም። ጭራሽ አልገባ ካለ ደግሞ ሰምጧል። ትንሽ እየያዘው ከገባ እሱ ነው።

ስፖንጅና_መርፌ፦

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፣ እኔ ስለ ውስጡ ልጨምር። ሶፋና ፍራሽ ስሠራ ነው የኖርኩት፣ የብዙ አሮጌ ፍራሽ ሆድ ቀድጄ አይቻለሁ። ሰው ፍራሽ ሲገዛ ጨርቁን ያያል፣ ጥልፉን ያያል። የሚተኛው ግን ሆዱ ውስጥ ባለው ነገር ላይ ነው።

ስፖንጅ የምትገዢ ከሆነ አንድ ቁጥር ጠይቂ፣ እፍጋቱን። ሻጮች ዴንሲቲ ይሉታል። አንድ ሜትር ኪዩብ የሚሆነው ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። 15 ወይም 18 ከሆነ አዋቂ በየቀኑ ለሚተኛበት ፍራሽ አይሆንም። እኔ ከ28 በታች አልመክርም፣ ባለቤትሽ በኪሎ ከበድ ይላል ስላልሽ ደግሞ 35 እና ከዚያ በላይ ብታገኙ ይሻላችኋል። ይሄን ልብ በይልኝ፣ እፍጋትና ጥንካሬ አንድ አይደሉም። ፋብሪካ ውስጥ ቀላሉን ስፖንጅ ጠንካራ ማድረግ ይቻላል፣ ከባዱንም ለስላሳ ማድረግ ይቻላል። ሰውን የሚሸውደው ቀሎ ጠንካራ የሆነው ነው። ሱቅ ውስጥ ስትተኚበት ደንበኛ ጠንካራ ፍራሽ ነው፣ «ለወገብ ነው» ይሉሻል፣ ቤት ገብቶ ትንሽ ከከረመ በኋላ ግን ዳሌ በሚያርፍበት ቦታ ይደክምና ይጎደጉዳል። አንቺ አሁን የምትተኚበት ፍራሽም መሃሉ የጎደጎደው ጥንካሬ አጥቶ ላይሆን ይችላል፣ እፍጋት አጥቶ ሊሆን ይችላል።

ሻጩ ቁጥሩን አላውቅም ካለ ፍራሹን አስመዝኚው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ርዝመት፣ ወርድና ውፍረቱን በሜትር አባዢ። 2 ሜትር በ1.5 ሜትር ሆኖ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፍራሽ 0.6 ሜትር ኪዩብ ነው። እፍጋቱ 30 ከሆነ ስፖንጁ ብቻውን 18 ኪሎ ይመዝናል። ጨርቁ ትንሽ ይጨምራል። 30 ነው ብለው የሸጡልሽ ፍራሽ 11 ኪሎ ከመጣ እፍጋቱ 18 አካባቢ ነው፣ እዚያው ትተሽው ውጪ። ይሄን የሚያደርግ ገዢ በጣም ጥቂት ነው፣ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ከዚህ የበለጠ የሚያስተማምን መለኪያ በገዢ እጅ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ከቁርጥራጭ ስፖንጅ ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተጨፍልቆ የሚሠራ አለ። ዚፑን ከፍተሽ ብታዪው ቀለሙ ዥጉርጉር ነው። እሱ በጣም ከባድ ነው፣ ሚዛን ላይ ያልፋል፣ ግን ደረቅ ነው። ከታች እንደ መሠረት ሆኖ ከላይ ጥሩ ስፖንጅ ከተደረበበት ምንም አይልም። ሙሉ በሙሉ እሱ ብቻ ከሆነ በጎን ለሚተኛ ሰው ይጎረብጣል።

ስፕሪንግ ከሆነ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ስፕሪንጎቹ እርስ በርሳቸው በሽቦ የተያያዙበት ነው፤ ባለቤትሽ ሲገላበጥ አንቺም ትነቃነቂያለሽ፣ ክብደቱም ወደ እሱ ይስብሻል። ሁለተኛው እያንዳንዱ ስፕሪንግ በራሱ ከረጢት ውስጥ የገባበት ነው። እዚያ ላይ አንዱ ሲጫን ጎረቤቱ ብዙም አይነካም፣ ስለዚህ ትከሻ ለብቻው ዳሌ ለብቻው ይገባል። ክብደታቸው ለሚለያይ ባልና ሚስት እኔ ይሄንን ነው የምመርጠው። የስፕሪንጉን ብዛት እየቆጠሩ ቢያሞግሱልሽ ብዙ አትገረሚ፣ የሽቦው ውፍረትና ከላይ የተደረበው ስፖንጅ ጥራትም እኩል ይወስናል። ስፕሪንግ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ያ ላይኛው ስፖንጅ ነው።

ሜሞሪ ፎም እ.ኤ.አ. በ1966 ለናሳ ሲባል ለአውሮፕላን መቀመጫ የተፈለሰፈ ነው። በሰውነት ሙቀትና ክብደት ቀስ ብሎ ይለሰልስና ቅርፅሽን ይይዛል። ለትከሻ ግሩም ነው። ግን ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊት የሚያልብሽ ከሆነ ያስቸግርሻል፣ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ደግሞ መጀመሪያ ላይ ደረቅ ይልብሻል። መገላበጥም ትንሽ ይከብዳል። ከወሰድሽ እፍጋቱ 50 እና ከዚያ በላይ ይሁን፣ ሙሉ ፍራሹም እሱ አይሁን፣ ከላይ ያለው የተወሰነ ሳንቲ ሜትር ብቻ ይበቃል።

ውፍረት ላልሽው፣ ጥሩ ስፖንጅ ከሆነ ላንቺ 18 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር በቂ ነበር። ለባለቤትሽ 22 ወይም 25 ይሻላል። ወፍራም ሆኖ ቀላል ከሆነ ግን ውፍረቱ ምንም አያደርግልሽም።

መሬት_ይሻለኛል፦

እኔ በዚህ አልስማማም። ለዓመታት መሬት ላይ ስስ ፍራሽ አንጥፌ ነው የምተኛው፣ ወገቤን አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም። ለስላሳ ፍራሽ ላይ ሳድር ነው ተሰባብሬ የምነሳው። ሰውነት የሚለምደው ያስተኙትን ነው። ይሄ ሁሉ ሒሳብ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም፣ ጠንካራውን ገዝታ ትንሽ ብትታገሥ ትለምደዋለች።

ፊዚዮቴራፒስት_ነኝ፦

ወንድሜ መሬት ላይ መተኛቱ ለተመቸው ሰው ምንም ችግር የለውም፣ ይመችህ። ገምቼ ነው፣ አንተ በጀርባህ ነው የምትተኛው፣ ሰውነትህም ቀጭን ሳይሆን አይቀርም። በጀርባው የሚተኛ ሰው ክብደቱ ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበተን ጠንካራ ነገር ብዙም አይጎዳውም። እሷ ግን በጎኗ ነው የምትተኛው፣ እጇም እየደነዘዘ ነው። መደንዘዝ የሚታገሡት ነገር አይደለም። ነርቭ ወይም የደም ዝውውር ተጭኗል ማለት ነው። «ትለምደዋለሽ» የሚለውን ምክር እባካችሁ ለሚደነዝዘው ሰው አትስጡ፣ በሥራዬ በየጊዜው የማየው ነገር ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው።

እህቴ፣ ችግሩ የፍራሹ ነው ብለሽ የገመትሽው ትክክል ይመስላል። ጠዋት ደርቆ፣ ተነስተሽ ስትንቀሳቀሺ ቶሎ የሚለቅ፣ ሌላ ቦታ ስታድሪ የማይኖር ህመም ብዙ ጊዜ ከመኝታ ነው። ሆኖም ይሄን የሚያነቡ ሌሎችም ስላሉ ልጨምር። የጠዋቱ መድረቅ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ፣ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ህመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ዕረፍት የሚያብሰው እንቅስቃሴ ደግሞ የሚያሻሽለው ከሆነ፣ በተለይ በወጣትነት ከጀመረና ወራት ካስቆጠረ፣ የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላልና ፍራሽ ከመቀየር በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ። ህመሙ ወደ እግር ወርዶ እግር ከደከመ ወይም ከደነዘዘ፣ ትኩሳት ወይም ያለምክንያት መክሳት ከመጣ አትዘግዩ። ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ወይም በጭን መካከል ስሜት ከጠፋ ያ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው።

«ኦርቶፔዲክ» ስለሚለው ጽሑፍ፣ ፍራሽ ላይ ሲለጠፍ አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ማለት ብቻ ነው። ሐኪም መርምሮ ያጸደቀው አድርጋችሁ አትውሰዱት።

ትራስሽን ግን ማንም አላነሳልሽም። በጎን የሚተኛ ሰው ትራስ በትከሻና በጆሮ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ወፈር ይላል። በጀርባ የሚተኛ ሳሳ ያለ ይበቃዋል። በሆድ የሚተኛ ካለ በጣም ስስ ወይም ጭራሽ ያለ ትራስ፣ ፍራሹም ጠንከር ይበል፣ አለዚያ ሆዱ ሰምጦ ወገቡ ይታጠፋል። ላንቺ በጉልበቶችሽ መካከልም አንድ ትራስ አድርጊ፣ የላይኛው እግርሽ ወደ ፊት እየወደቀ ወገብሽን እንዳይጠመዝዘው ይይዝልሻል። ባለቤትሽ ወገቡን ካመመው ከጉልበቱ ሥር ያድርግ። ፍራሹ ለስለስ ካለ ትከሻሽ ይገባል፣ ስለዚህ የትራሱም ቁመት መቀነስ አለበት። ፍራሽ ቀይሮ አሮጌውን ትራስ ይዞ መቀጠል አንገት ያሳምማል፣ ሰውም አዲሱን ፍራሽ ይወቅሳል።

ሌሊቱ_ረዘመብኝ፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። ሚዛኑን በእርግጠኝነት አደርገዋለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ እኔ ለስለስ ያለ እሱ ጠንከር ያለ የሚስማማን ከሆነ አንድ ፍራሽ እንዴት ለሁለታችን ይሆናል? ሁለተኛ፣ ጓደኛዬ አዲስ አትግዢ፣ በአሮጌው ላይ ስስ ስፖንጅ ደርቢበት፣ ከሥሩም ኮምፔንሳቶ አድርጊበት አለችኝ። ይሠራል?

ስፖንጅና_መርፌ፦

ከሁለተኛው ልጀምር። ድራቢ የሚጠቅመው ፍራሹ ደህና ሆኖ ደረቅ ብቻ ሲሆን ነው። 5 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር ጥሩ ስፖንጅ ወይም ላቴክስ (ከጎማ የሚሠራ ስፖንጅ) ከደረብሽበት ለትከሻ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የጎደጎደ ላይ ግን ድራቢውም ጉድጓዱን ተከትሎ ይጎደጉዳል። ኮምፔንሳቶም ያው ነው፣ የሚረዳው የአልጋው ርብራብ ረግቦ ከሆነ ነው፣ የፍራሹን ሆድ አይጠግነውም። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ፍራሹን አንሥተሽ መሬት ላይ አድርጊው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ወጥረሽ መሃል ላይ በማስመሪያ ለኪ። ማንም ሳይተኛበት 3 ሳንቲ ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ከጎደለ ፍራሹ አብቅቷል። መሬት ላይ ለጥ ካለ ግን ጥፋቱ የአልጋው ነው፣ አዲስ ፍራሽ ገዝተሽ እዚያው አልጋ ላይ ብታደርጊው እሱም ይበላሻል። ይሄን ሳትለኪ ገንዘብ አታውጪ።

ርብራቡንም እዚያው እያለሽ እዪው። ለስፖንጅ ፍራሽ በጣውላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ስፖንጁ በክፍተቱ እየገባ ከሥሩ ይሰነጠቃል። ለሁለት ሰው አልጋ ደግሞ መሃሉ ላይ እስከ ወለሉ የሚደርስ ድጋፍ እግር ከሌለው አሠሪለት። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ጣውላ ከሆነ አየር እንዲገባ ይበሳ፣ ላብ መውጫ ካጣ ከሥሩ ይሻግታል።

በጎን_ተኚ፦

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፣ በአንድ አልጋ ላይ ሁለት ጠባብ ፍራሽ ጎን ለጎን ማድረግ ትችላላችሁ። አንቺ ያንቺን እሱ የራሱን ይመርጣል፣ ከላይ አንድ ወፈር ያለ ሽፋን ሲለብስ መሃሉ ያን ያህል አይታወቅም። ሁለቱም እኩል ውፍረት ይኑራቸው እንጂ። ይሄ ካልተስማማችሁ በደንብ የሚደግፍ አንድ መካከለኛ ፍራሽ ለሁለታችሁ ግዙና ባንቺ በኩል ብቻ ድራቢ አድርጊ። ከባድ ሰው አንዱን ፍራሽ ከቀላል ሰው ይልቅ ለስላሳ ሆኖ ነው የሚያገኘው፣ ስለዚህ ባለቤትሽ «ጠንካራ» የሚለው ላንቺ በጣም ደረቅ ነው፤ አብራችሁ ተኝታችሁ ካልሞከራችሁ አትስማሙም።

ስፋቱንም አትርሱ። 140 ሳንቲ ሜትር ላይ ሁለት ሰው ሲተኛ ለያንዳንዱ 70 ይደርሰዋል፣ የአንድ ሰው አልጋ እንኳ 90 ነው። ክፍሉ ከፈቀደ 160 ወይም 180 ውሰዱ። ብዙ ሰው ፍራሹ አልተመቸኝም የሚለው ቦታ አጥቶ ነው። ከመግዛትሽ በፊትም ካልተስማማኝ መመለስ ወይም መቀየር ይቻላል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ሰውነት አዲስ ፍራሽ እስኪለምድ ሳምንታት ይፈልጋል።

የመንታ_እናት፦

ጥሩ ውይይት ነው፣ ጥያቄ ልጨምር። እኛም ፍራሽ እየቀየርን ነው፣ የድሮውን ስፖንጅ ቆርጠን ለሕፃናቱ አልጋ ልናደርገው አስበናል። ገና ጥቂት ወራቸው ነው። ለስላሳ ስለሆነ ይመቻቸዋል ብለን ነው።

ፊዚዮቴራፒስት_ነኝ፦

እህቴ እባክሽ እንዳታደርጊው። እስካሁን ያወራነው ለአዋቂ ነው፣ ለጨቅላ ሕግጋቱ ሌላ ናቸው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፍራሹ ጠንካራና ለጥ ያለ መሆን አለበት፣ ስትጫኚው የጭንቅላቱን ቅርፅ የማይዝ። ለስላሳ ወይም የጎደጎደ ላይ ፊቱ ከተቀበረ ራሱን ማዞር አይችልም፣ ሊታፈን ይችላል። ሜሞሪ ፎምም ፈጽሞ አይሆንም። የፍራሹ ልክ ከአልጋው ጋር እኩል ይሁን፣ በጎን በኩል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አይኑር። ላዩ ላይ የተወጠረ አንሶላ ብቻ ይልበስ። ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት አይግባ። ሁለቱም በየራሳቸው አልጋ፣ ቀንም ሌሊትም በጀርባቸው ይተኙ።